ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፦ ስለ አብራሪው እጅና ራሱን ስለሚያበር አውሮፕላን

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለውን ተረት ለአዊ ሰው ማስረዳት ለእናት ምጥ እንደማስተማር ይቈጠራል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚሰበሰቡት የአገው ፈረሰኞች ፈረስ ለባለቤቱ የሚያደርግለትንም የማያደርግለትንም ለይተው ያውቃሉ። መንገዱን የለመደ ፈረስ ጌታው ልጓሙን ቢያላላለት እንኳ ከገበያ እስከ ደጁ ያደርሰዋል። በዚህም ባለቤቱ አይነቀፍም፤ ደክሞት ሊሆን ይችላል፤ ፈረሱም የተገራው ለዚሁ ነው። ወንዝ የሞላ ዕለት ግን ልጓሙን የሚይዝ እጅ ያስፈልጋል። ያ እጅ መያዝን ረስቶ ከሆነ የፈረሱ መገራት ሁለቱንም አያድንም።

ይህን ያነሣነው ስለ ፈረስ ለመጻፍ አይደለም። ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ የዘንገና ሐይቅ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ክብ ሆኖ ተኝቷል። ካርታ ዘርግቶ ከካርቱም እስከ አዲስ አበባ ቀጥ ያለ መስመር የሚያሰምር ሰው መስመሩ በዚሁ በዘንገናና በእንጅባራ አካባቢ ሲያልፍ ያያል። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. የበረራ ቁጥሩ 343 የሆነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ከካርቱም ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ይበር ነበር። መውረድ የሚጀምርበት ቦታ ሲደርስ አልወረደም። በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ፣ የአየር ትራፊክ ተቈጣጣሪዎች ቢጠሩትም መልስ ሳይሰጥ፣ ከሚያርፍበት ሜዳ በላይ አልፎ ሄደ። በወቅቱ እንደተዘገበው ሁለቱ አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። አውሮፕላኑን ያበር የነበረው አውቶፓይለት የሚባለው መሣሪያ ነው። መሣሪያው የተሰጠውን መስመር ጨርሶ ሲለቅ የማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ፤ አብራሪዎቹም ነቅተው ተመለሱ፤ ከ25 ደቂቃ ያህል በኋላም በሰላም አረፉ። አየር መንገዱ አውሮፕላኑ ለጊዜው ከተቈጣጣሪዎች ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋርጦ እንደነበር ገልጾ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ አብራሪዎቹን ከሥራ አነሣ።

ማንም አልሞተም። ስለዚህም ነገሩን እንደ አስቂኝ ወሬ ያወሩት ብዙዎች ነበሩ። እኛ ግን ከሣቁ በታች አንድ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ እንዳለ ይሰማናል። ይኸውም፦ አንድን ሥራ መሣሪያ ከሰው የተሻለ አድርጎ በሚሠራልን ጊዜ ያን ሥራ በገዛ እጃችን የመሥራት ችሎታን ጠብቆ የማኖር ግዴታ ይቀርልናልን? ይቀራል ከተባለስ ግዴታው ለማን ነው? አንዳንድ አንባቢ «ይህ የአብራሪዎች ነገር ለገበሬና ለካቴኪስት ምኑ ነው?» ይል ይሆናል። እስኪ ይታገሠን።

አውቶፓይለት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1914 ሎውረንስ ስፔሪ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ በፓሪስ አጠገብ በሴን ወንዝ ላይ በተመልካች ፊት እየበረረ ሁለት እጆቹን ከመሪው አንሥቶ ወደ ላይ ዘረጋ፤ ረዳቱም በክንፉ ላይ ይራመድ ነበር። አውሮፕላኑ ሚዛኑን አልሳተም፤ ጃይሮስኮፕ በሚባል በፍጥነት የሚሽከረከር መንኰራኵር እየተመራ መሪውን ራሱ ያስተካክል ነበርና። የዛሬው መሣሪያ ከዚያ እጅግ የረቀቀ ነው። ከፍታን፣ አቅጣጫንና ፍጥነትን ይጠብቃል፤ በአንዳንድ ሜዳዎች ላይ ጉም ዓይን በጋረደ ጊዜ ያለ ሰው እጅ ያሳርፋል። አይደክመውም፤ አይሰለቸውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ባደረገባቸውና ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት አብራሪዎች በየአውራጃው የሣር ሜዳ ላይ በዓይናቸውና በእጃቸው ያርፉ ነበር። ያንን ዘመን የሚናፍቁ አሉ። እኛ አንናፍቀውም። የአየር ጉዞ ዛሬ ከያኔው ይልቅ እጅግ ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው፤ ለዚህም መሣሪያው ትልቅ ድርሻ አለው። የሰውን ልጅ ከድካም የሚያሳርፍ ብልሃት ሁሉ የእግዚአብሔር ስጦታ የሆነው የአእምሮ ፍሬ ነውና በረከት እንጂ መርገም አንለውም።

ችግሩ ያለው በበረከቱ ውስጥ ነው። ሊዛን ቤይንብሪጅ የተባሉ እንግሊዛዊት የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ምጸት አሳይተዋል። መሣሪያ ቀላሉን ሥራ ሁሉ ይወስድና ለሰው የሚተውለት መሣሪያው ራሱ ያልቻለውን ከባዱን ነው። ሰውየው ደግሞ በቀላሉ ሥራ ላይ እጁን ማለማመድ ስለተወ ለከባዱ የሚጠራው ችሎታው በዛገበት ሰዓት ይሆናል። ግንቦት 24 ቀን 2001 ዓ.ም. ከብራዚል ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ 447 አውሮፕላን የዚህ መራራ ምሳሌ ሆነ። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በሌሊት የፍጥነት መለኪያዎቹ በበረዶ ለአጭር ጊዜ ተዘጉ፤ አውቶፓይለቱም ለቀቀና አውሮፕላኑን ለሰው እጅ አስረከበ። አውሮፕላኑ ደኅና ነበር፤ ሞተሮቹም ይሠሩ ነበር። የሚያበረው ረዳት አብራሪ ግን አፍንጫውን ወደ ላይ ሳበው፤ አውሮፕላኑ ክንፎቹ አየሩን መሸከም እስኪሳናቸው ድረስ ቀና አለ፤ ከ4 ደቂቃ ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥም ባሕር ገባ። 228 ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ሁኔታው በሚፈቅድበት ጊዜ አብራሪዎች በእጃቸው እንዲያበሩ አየር መንገዶች እንዲያበረታቱ ማሳሰቢያ ያወጣው ይህን የመሰለውን አደጋ አይቶ ነው።

እዚህ ላይ ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖን እንጠይቅ። አውሮፕላን አላየም፤ ጥያቄያችንን ግን ያውቀዋል። «ሱማ ቴዎሎጂካ» በተባለው ታላቅ ድርሳኑ፣ በሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያ ምድብ፣ በጥያቄ 53 ላይ አንድ የተያዘ ልማድ ሥራውን በመተው ብቻ ይጠፋ እንደሆነ ይመረምራል። መልሱ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። አለመሥራት ልማዱን በቀጥታ አይገድለውም፤ ነገር ግን ልማዱ ሲሠራ ይከላከለው የነበረውን ተቃራኒ ነገር ይለቅበታል። የኛ ገበሬ ይህን ያለ ላቲን ቋንቋ ያውቀዋል። የገብስ ማሳውን ያላረመ ሰው በገብሱ ላይ እጁን አላነሣም፤ ዝም ብሎ ተወው እንጂ። ገብሱን ያጠፋው አረሙ ነው። ሆኖም በመከር ቀን «እኔ ምን አደረግሁ?» ቢል ማን ይሰማዋል?

ያው ሊቅ ሌላም ጠቃሚ ልዩነት ያደርጋል። የእጅ ሙያ ሥራውን መልካም ያደርጋል እንጂ ሠሪውን ሰው በራሱ መልካም አያደርገውም፤ ክፉ ሰውም ጥሩ አናጢ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ሙያ የዛገበትን ሁሉ ኃጢአተኛ ልንል አንችልም። በገና መደርደር ተምሮ የተወ ሰው ማንንም አልበደለም። የአብራሪው ግን ይለያል። ከኋላው የተቀመጡት ሰዎች ፊቱን እንኳ ሳያዩ ሕይወታቸውን በእጁ አኑረዋል። ትኬት ሲገዙ የከፈሉት መቀመጫው ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው በለቀቀ ሰዓት የሚይዝ እጅ እንዲኖርም ከፍለዋል። እንግዲህ ያ እጅ እንደ ዕዳ የሚከፈል ነው፤ ሊቃውንቱ ፍትሕ የሚሉትም ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ነው። ዕዳው ደግሞ እንግዳ ጠባይ አለው፤ በየቀኑ ይጠራቀማል፤ የሚጠየቀው ግን ምናልባት በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ነው። ለብዙዎቹም ከቶ ሳይጠየቅ ጡረታ ይወጣሉ።

ለጥቂቶች ግን ተጠይቋል፤ በአገራችንም። በጎረቤታችን በባሕር ዳር መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አሥመራ ለመብረር የተነሣ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲለቅ የርግቦች መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ወደ ሜዳው ሊመልሱት ሲሞክሩ ሞተሮቹ ጠፉ፤ አውሮፕላኑም ጎማው ሳይዘረጋ በሆዱ መሬት ላይ ወድቆ ተቃጠለ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፤ 69ኙ ተረፉ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ ካፕቴን ልዑል አባተ ያበሩት የነበረውን ቦይንግ 767 ሦስት ጠላፊዎች ይዘው ወደ አውስትራሊያ እንዲሄድ አስገደዱ። ነዳጅ እንደማይበቃ ቢነገራቸውም አላመኑም። በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ሁለቱም ሞተሮች ነዳጅ ጨርሰው ዝም አሉ። ካፕቴኑ ጠላፊው ከመሪው ጋር እየታገላቸው፣ ሞተር የሌለውን ያን ግዙፍ ብረት በእጃቸው እየመሩ ከባሕሩ ዳርቻ አጠገብ አሳረፉት። ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ፤ 50ዎቹ ዛሬም ድረስ በዚያ እጅ የተረፉ ይባላሉ። የዚያን ዕለት የነበረውን የሚያውቅ መሣሪያ በየትኛውም ጋቢና አልተሠራም።

እስከዚህ ድረስ ነገራችን ቀላል ይመስላል፤ «አብራሪ ሆይ፣ እጅህን አለማምድ» ብሎ ማብቃት ነው። እንዲህ ብንል ግን አንድ ትልቅ በደል እንሠራለን፤ ምክንያቱም ይኸው ንግግር በሙታን ላይ የተወረወረበትን ጊዜ እናስታውሳለን።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት የበረራ ቁጥሩ 302 የሆነው ቦይንግ 737 ማክስ ከቦሌ ተነሥቶ በ6 ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች አለቁ፤ ከእነዚህም መካከል የካቶሊክ የዕርዳታ አገልግሎት አራት ኢትዮጵያውያን ባልደረቦች ነበሩ፤ ለሥልጠና ወደ ናይሮቢ መሄዳቸው ነበር። ከ5 ወር ያህል በፊት የዚያው ዓይነት አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ገና ሬሳው ሳይሰበሰብ ከሩቅ አገር «የድሃ አገር አብራሪዎች በመሣሪያ ላይ ተደግፈው እጃቸው ሰንፏል» የሚል ቃል ይሰማ ጀመር። ነገሩ ሲመረመር የተገኘው ግን ይህ ነው። ኤምካስ የተባለ፣ በአውቶፓይለትነት ያልታወቀ ስውር ሥርዓት በአውሮፕላኑ ውስጥ ነበር። ሥራውም አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ያለ በመሰለው ጊዜ የጅራቱን አግድም ክንፍ እያዞረ አፍንጫውን ወደ ታች መድፋት ነው። ይህን የሚወስነው በአንድ መለኪያ ብቻ ነበር፤ ያ መለኪያ በዚያ ጠዋት የሐሰት ቁጥር ሰጠ። እስከ ኢንዶኔዥያው አደጋ ድረስ በአብራሪዎች መመሪያ ላይ አሠራሩ አልተገለጸም ነበር። ካፕቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳታቸው አሕመድኑር መሐመድ ከኢንዶኔዥያው በኋላ እንደታዘዘው ኃይሉን አቋረጡ፤ ክንፉንም በእጅ በሚዞረው መንኰራኵር ሊመልሱት ሞከሩ። አልዞረም። የአውሮፕላኑ ፍጥነት እጅግ ከፍ ብሎ የአየሩ ጫና መንኰራኵሩን አስሮት ነበር። ሁለቱም በአንድነት መሪውን ወደ ኋላ ሳቡ። ኃይሉን መልሰው በከፈቱት ጊዜ ስውሩ ሥርዓት እንደገና ወደ ታች ደፋው።

ለፍትሕ ስንል የተቃራኒውንም ወገን እንናገራለን። የሞተሮቹ ግፊት አለመቀነሱን የጠቀሱ መርማሪዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የወጣውን የኢትዮጵያን የመጨረሻ ሪፖርት የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በዚህ ረገድ በቂ አይደለም ብለዋል። ይህን ለባለሙያዎች እንተዋለን። የሥነ ምግባሩ ፍርድ ግን ለእኛም የተከፈተ ነው። እጅህን አለማምድ የሚባል ሰው ምን ላይ እንደሚለማመድ ሊነገረው ይገባል። ቦይንግ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ራሱ እንዳመነው በዚያን ጊዜ ለሥልጠና ያገለግሉ የነበሩት ሲሙሌተሮች የዚያን መንኰራኵር ክብደት በትክክል ማሳየት አይችሉም ነበር። በጥር 2021 ከአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ባደረገው ስምምነትም ሁለት ሠራተኞቹ ስለዚሁ ሥርዓት ተቈጣጣሪውን መሥሪያ ቤት እንዳሳሳቱ ተቀብሏል። ፈረሱን የሸጠው ሰው ፈረሱ አንዳንድ ጊዜ በራሱ ወደ ገደል እንደሚሮጥ ደብቆ ሲያበቃ ፈረሰኛውን «ልጓም አያያዝ አታውቅም» ሊለው አይችልም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2477 በሌላው ላይ የሚሰጥ የችኮላ ፍርድን ስምንተኛው ትእዛዝ ከሚከለክላቸው ጋር ይቈጥረዋል። ሙታን ደግሞ መልስ አይሰጡም፤ ስለዚህም በእነርሱ ላይ መቸኰል የከፋ ነው።

እንግዲህ ዕዳው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። አብራሪው ችሎታውን ለተሳፋሪው ሊጠብቅ ግድ ነው፤ እርሱን የሚቀጥሩትና መሣሪያውን የሚሠሩለት ደግሞ ዕውቀቱን፣ የልምምዱን ጊዜና ዕረፍቱን ሊከለክሉት አይገባም። ዕረፍት ያልነው በከንቱ አይደለም። ከካርቱም የመጣውን በረራ እናስብ። እንቅልፍ የስንፍና ብቻ ምልክት ተደርጎ ይነገራል፤ በጌቴሴማኒ የተኙት ሐዋርያት ግን ከጌታቸው ወቀሳ ጋር አብሮ የሥጋቸውን ድካም የሚያውቅ ርኅራኄም አገኙ። ሰንበትን የሰጠን አምላክ የሰው ዓይን የሚከደን መሆኑን ያውቃል። ይህን የዘነጋ የሥራ ሰሌዳ፣ በየትኛውም አገር ቢወጣ፣ ከእንቅልፉ በፊት የተሠራ በደል ነው።

አንድ ወጣት፣ በተለይም ከተማ ተምሮ የመጣ፣ «መሣሪያው እየተሻሻለ ሄዶ ከቶ የማይሳሳት ሲሆንስ?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። ጥያቄው ቀልድ አይደለም፤ ያለ አብራሪ የሚበሩ አውሮፕላኖች ዛሬ በሰማይ አሉ፤ በአገራችንም ሰው ያወቃቸው በደስታ አይደለም። መልሳችን አጭር ነው። መሣሪያ ሊሻል ይችላል፤ ሊጠየቅ ግን አይችልም። ሕሊና የለውም፤ ንስሓ አይገባም፤ የሟች እናት ደጅ ሄዶ አይቆምም። ተጠያቂነቱ በሰው ላይ እስካለ ድረስ የሚሸከምበትም ችሎታ ከሰው ሊወሰድ አይገባም። ሸክሙን ትቶ ትከሻውን መውሰድ ግፍ ነው።

አሁን ወደ ካቴኪስቶቻችን እንመለስ፤ «ምኑ ነው?» ላሉን ቃል ገብተን ነበርና። በየቁምስናችን የዕለቱን ንባብ የሚያነብልን፣ ስብከቱንም አዘጋጅቶ የሚያቀርብልን ስልክ በኪሳችን ገብቷል። ካህናትም ተጠቃሚዎች ነን፤ እንዳልነበርን አንሆንም። ከዚያ በፊትም ቢሆን የጥያቄና መልሱን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በቃል ማስደገም ነበረን፤ ይህም በራሱ መንገድ አንድ አውቶፓይለት ነው፤ ደግሞም መልካም ነው። በቃል የተያዘ ጸሎት በደከመን ሰዓት ይሸከመናል፤ መቍጠሪያ የሚደግም ሕመምተኛ ይህን ያውቃል። ነገር ግን ልጇን የቀበረች እናት ከፍትሐቱ በኋላ ካቴኪስቱን ይዛ «እግዚአብሔር የት ነበር?» ስትለው ገጽ 40 ላይ ያለው መልስ ትክክል ቢሆንም አይበቃም። ያን ጊዜ መሣሪያው ለቅቋል። የሚፈለገው ራሱ የጸለየበት፣ ራሱ የታገለበት፣ በገዛ ቃሉ የሚናገረው እምነቱ ነው፤ ምናልባትም ዝም ብሎ አጠገቧ መቀመጥን የሚያውቅ እግሩ ነው። ያም ሳይለማመዱት በዚያ ሰዓት አይገኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር እናሳስባለን። በየወሩ በሚደረገው የካቴኪስቶች ስብሰባ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል መጽሐፉም ስልኩም ተዘግቶ አንዱ ሌላውን እንደ ቤተ ሰብ፣ እንደ ሕመምተኛ፣ እንደ ተጠራጣሪ ጎረቤት ሆኖ ይጠይቀው። የመጀመሪያው ቀን ብዙዎች ይንተባተባሉ፤ ካህኑም ጭምር። በሁለተኛው ስብሰባ ግን እያንዳንዱ የትኛዋን ጥያቄ እንደሚፈራ ለይቶ ይመጣል። ጥያቄዎቹን ማን ያዘጋጅ፣ በአማርኛ ይሁኑ ወይስ በአዊኛ የሚለውን ለየቁምስናው ትተናል።